በ07 የሚጀምሩ

ላሊሴ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሳጥን ሁለቴ ጠቅ አደረገችው። አልከፈት አለ። እንደገና ሞከረች።

«ይሄኛውን ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ አክመል፣ ደብተሩ ላይ እስክሪብቶውን ደቅኖ። «ፍጠኚ፣ መብራት ሳይሄድብን።»

ሰበታ የሚገኘው ትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክበብ አምና የሠራው ፕሮግራም ሐሙስ በከተማው ኤግዚቢሽን ላይ ሊቀርብ ነው። ፕሮግራሙ በዓለም ገና መንገድ ያለ አንድ ክሊኒክ የሚይዘውን የላቦራቶሪ መዝገብ ከስልክ መልእክት ጋር ያገናኛል። ምርመራው ችግር ያሳየበት ሰው «ለውጤትዎ ወደ ክሊኒኩ ይምጡ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ስክሪን ላይ ሲታይ በቀስት የተያያዙ ሳጥኖች ነው፤ አንዱ ውጤቱን ያነባል፣ አንዱ ስልክ ቁጥሩን ያጣራል፣ አንዱ መልእክቱን ይልካል። የክበቡ ኃላፊ መምህር ፍቅረሥላሴ፣ «ዳኞቹ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ሁሉንም ከፍታችሁ ምን እንደሚሠራ ጻፉ» ብለዋቸዋል።

ስልክ የሚያጣራውን ሳጥን ክበቡ አልሠራውም። ያመጣችው ላሊሴ ናት። አምና ጊዜ ሲያጥራቸው፣ ትምህርቱን ቀድሟቸው ከጨረሰው የክበቡ ልጅ፣ ከጂሬኛ የድሮ ፕሮጀክት ውስጥ አውጥታ ወደ እነሱው አስገባችው። ወዲያው ሠራ፤ ተጨበጨበላት። ውስጡን ግን አንድም ቀን ከፍታ አላየችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ደግሞ መፍሰሱንም አላወቀች።

ሳጥኑ ተከፈተ። ኮዱ አጭር ነበር፦ ቁጥሩ በ09 ከጀመረ አሳልፍ፤ ካልጀመረ ጣል።

«አክመል፣ ጂሬኛ ይሄን ሲጽፍ በ07 የሚጀምር ስልክ ነበር እንዴ?»

«የት አባቱ! ያኔ ሁሉም ሰው 09 ነበር» አለና አክመል፣ ራሱ የተናገረውን ሰምቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

የተጣሉት መልእክቶች የሚከማቹበት ፎልደር አለ፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። ከፈተችው። ስም የለውም፣ ቀንና ስልክ ብቻ። አርባ ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ ሁሉም በ07 ይጀምራሉ። ወደ መጨረሻው ገደማ ዐይኗ አንዱ ላይ ቀረ። ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ ክሊኒኩ ውስጥ ቅጹን የሞላችው እሷው ናት።

አዴ ወርቅቱ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ልብስ እያጠቡ የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ሳሉ አልለቅ ሲላቸው ላሊሴ ይዛቸው ሄደችና ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አክታቸውን ሰጡ። «ችግር ካለ ስልክዎ ላይ ይጽፉልዎታል፤ ካልጻፉ ጤነኛ ነዎት ማለት ነው» አለቻቸው። «እኔ ነኝ እኮ የሠራሁት!» ብላም ጨመረች፤ ማን ጠየቃት።

«ስሚ፣ አትጨናነቂ» አለ አክመል። «መስመሩን ቀይሪው፣ ከዛሬ ጀምሮ ይሠራል። ማን ያውቃል?»

«እነዚህስ?»

«ሲያማቸው ራሳቸው ይመለሳሉ። ሐሙስ እኮ ነው ላሊ! ከተሰማ ክበቡ አለቀለት። መደወልሽ ካልቀረም ከክሊኒኩ ነው በይ፤ ስምሽን እንዳትናገሪ።»

አክመል ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፈርቷል። እሷም ፈርታለች። መስመሩን ቀየረችው። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም፤ ይበልጥ ያንገበገባት እሱ ነው። ከዚያ አርባ ሦስቱንም ቁጥሮች ደብተሯ ላይ ገለበጠች። አክመል አልረዳትም፤ አልከለከላትምም።

መንገድ ላይ ለመምህር ፍቅረሥላሴ ደጋግማ ደወለች። ሱሉልታ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ሁሉንም ጽፋ ላከችላቸው።

ግቢ ስትደርስ አዴ ወርቅቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ትንሿን ዱርሲቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ያጎርሷታል።

«አካም ጅርታ፣ ላሊ?» ብለው ደህንነቷን ጠይቀው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ከስተዋል። በየቀኑ ስለምታያቸው ልብ አላለችውም ነበር።

«አዴ፣ ክሊኒኩ ጠርቶዎት ነበር።»

«እኔን? መቼ?»

«ከሰባት ሳምንት በፊት። መልእክቱ አልደረሰዎትም። ፕሮግራሙ በ07 የሚጀምር ስልክ ሲያገኝ ይጥለው ነበር። ያንን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ከፍቼ አላየሁትም።»

«ካልጻፉ ጤነኛ ነዎት ብለሽኝ» አሉ አዴ ወርቅቱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ብያለሁ።»

«እኔ ደግሞ ጧፍ ይዤ ሄጄ አመሰገንኩ።»

የያዙትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱት። ዱርሲቱን ከጭናቸው አንስተው ግቢው መሃል ወስደው አቆሟትና ብቻቸውን ተመልሰው ተቀመጡ። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ወደ እሳቸው ሮጠች።

«ሂጂ!» ብለው ጮኹባት። ጮኸውባት አያውቁም። «አትጠጊኝ! ላሊ፣ ያዢልኝ!»

ላሊሴ ልጅቷን አፈፍ አድርጋ አቀፈቻት። ዱርሲቱ እጆቿን ወደ አያቷ ዘርግታ አለቀሰች።

«ክሊኒኩ አልተዘጋም፤ አሁኑኑ አብረን እንሄዳለን» አለች ላሊሴ። አዴ ወርቅቱ ነጠላቸውን ሊያመጡ ገቡ።

እስኪወጡ ድረስ፣ ልጅቷን እንዳቀፈች ደብተሯን ገለጠች። የመጀመሪያው ቁጥር ከሁሉም የቆየው ነው፤ የጥቅምት። ደወለች። ያነሳው የእሷ እኩያ የሚመስል ልጅ ነው።

«ሃሎ? አባቴን ነው? አባቴ አርፏል» አለ፣ ብዙ ጊዜ የመለሰው መልስ ይመስል። «ማን ልበል?»

አባቱ የሞተው ሳይነገረው በቀረው በሽታ ይሁን በሌላ፣ ላሊሴ አታውቅም። አውራ ጣቷ መዝጊያው ላይ ነበር። ዱርሲቱ ጆሮዋ ሥር ታለቅሳለች።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

ጣቷን አነሳች።

«ላሊሴ» አለች። «ላሊሴ ገመቺስ እባላለሁ።»