የእማማ ዘሃራ ሪሞት

ጂን፣ ዛር፣ ቆሌ የሚባል ነገር አላምንም እያልኩ ስንቱ ላይ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሐረር ተወልጄ አድጌ ስለ ጀጎል አሮጌ ቤቶች የሚወራውን ሁሉ ሰምቼ አንዱንም አልተቀበልኩም፣ ባለቤቴ ማታ ሙቅ ውሃ ስትደፋ "በስመአብ" ካለች እንኳ "በይ ለጂኑ ፎጣም አቀብይው" እያልኩ አሾፍባታለሁ። ይህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ በሳቅ እሞት ነበር። ግን እመኑኝ፣ በእኔ ላይ ደርሷል፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ሥራዬ የጋዝና የኤሌክትሪክ ጥገና ነው። እማማ ዘሃራ ደግሞ ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ገባ ብሎ ባለ አሮጌ የሐረሪ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ደንበኛዬ ናቸው፣ ልጃቸው ከውጭ የጋዝ ማሞቂያ፣ ያንን እሳቱ ከመስታወት ጀርባ ሲነድ የሚታየውን ዓይነት፣ ልኮላቸው አምና የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ፣ ጎንበስ ብለው ማብራት ሲያቅታቸው ልጅየው ሪሞት ጨመረላቸው፣ ያን ቀን የሄድኩት እሱን ልገጥም ነው። ማሞቂያው ያለው ቂርጣት በሚሏት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፣ ድሮ ሙሽሮች ከሰርጋቸው በኋላ ሳይወጡ የሚሰነብቱባት፣ ምግባቸውም በግድግዳው ላይ ባለች ትንሽ መስኮት የሚገባላቸው ክፍል ናት፣ አሁን እሳቸው ይተኙባታል።

"ልጄ፣ እኔ የታመመ ጠይቄ የአስር ሶላት ሳይሰገድ እመለሳለሁ ኢንሻአላህ" አሉኝ። "በር እንዳትዘጋ፣ እኛ ቤት ቀን በር አይዘጋም።"

"ሌባ ቢሰርቀኝስ እማማ?"

"አንተን ሰርቆ ማን ይቀልብሃል" አሉና ወጡ።

ሥራው ቀላል ነበር፣ ከማሞቂያው ሥር የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ሳጥን ይገባል፣ ሁለት ሽቦ ይያያዛል፣ የባትሪ ድንጋይ ይጨመርበታል፣ ከዚያ በምስማር ጫፍ ቁልፉን ተጭኖ ሳጥኑንና ሪሞቱን ማስተዋወቅ ብቻ ነው፣ ትእዛዝ በደረሰው ቁጥር "ጢጥ" ይላል። ሞከርኩት፣ በራ፣ ጠፋ፣ ደግሞ በራ። ከዚያ እኔ ሞኙ፣ ክፍሉ ቶሎ ይሞቅ እንደሆነ ልይ ብዬ የቂርጣቱን በር ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

ሙቀቱ ደህና ነበር፣ እሳቱን ዝቅ አድርጌ ለመውጣት ብድግ አልኩ። ጢጥ። እሳቱ ከፍ አለ። ሪሞቱ ወለሉ ላይ ከካቻቪቴው አጠገብ ነው፣ ማንም አልነካውም። የጎረቤት ሪሞት ይሆናል አልኩ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው፣ ሪሞቱን አንስቼ ላየው ቁጭ ስል፣ ጢጥ፣ እሳቱ ዝቅ አለ። ብድግ አልኩ፣ ጢጥ፣ ከፍ። በሩን ሳብኩት፣ እምቢ አለኝ። መቀርቀሪያ የለውም፣ ከውስጥም ከውጭም የለውም፣ ግን ከወዲያ ሰው ጨብጦ የያዘው ያህል ነው፣ በሳብኩት ቁጥር ደግሞ ሳጥኑ ጢጥ ይላል፣ እሳቱ ይጨምራል፣ ጀርባዬ ይለበለባል።

የሪሞቱን ድንጋዮች አወጣሁ። የሳጥኑን ድንጋዮችም አወጣሁ። በመጨረሻ የጋዙን መዝጊያ በእጄ ጠምዝዤ ዘጋሁት፣ እንጀራዬ ነውና አውቀዋለሁ፣ ጋዝ ከተዘጋ እሳት የለም። እሳቱ ግን ነደደ። ጮህኩ፣ ማንም አልመጣም። እዚያ ላይ ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም፣ በሰው ቤት ተቃጥዬ ልሞት ነው ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሲደክመኝ ተቀመጥኩ። ጢጥ። እሳቱ በረደ፣ ሙቀቱ ደስ የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ አልተነሳሁም፣ እጄን አጣጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ እንደ ሙሽራ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ወዲያ የነጠላ ጫማ ኮቴ ተሰማኝ፣ የሴቶች ሹክሹክታም፣ ከዚያ በትንሿ መስኮት ሂና የተቀባ የወጣት እጅ ገብቶ እንፋሎት የሚወጣው ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠልኝ። ቅቤው ሸተተኝ፣ ርቦኝም ነበር። አልነካሁትም።

ስንት ሰዓት እንደቆየሁ እንጃ፣ "አሰላሙ ዓለይኩም" የሚል የእማማ ዘሃራ ድምፅ ሰማሁ፣ በሩም በአንድ ጣታቸው ተከፈተ። እሳቱ ጠፍቷል፣ በመስኮቷ ላይም ምንም የለም።

"ምነው ላብ በላብ ሆንክ?" አሉኝ።

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ያን ሁሉ ሰው ስስቅበት ኖሬ ዛሬ ምን ብዬ ልናገር፣ አፈርኩ። "ሪሞቱ ደህና አይደለም እማማ፣ ማሞቂያውንም ነቅዬ ልውሰደው" ብቻ አልኩ።

"በብርድ ልትገድለኝ ነው እንዴ? አስተካክለው እንጂ።"

ድንጋዮቹን መለስኩ፣ ጋዙንም ከፈትኩ። ሲሞክሩት በራላቸው፣ ጠፋላቸው፣ መረቁኝና ወጣሁ።

በሳምንቱ እንዴት እንደሆኑ ልጠይቅ ደወልኩ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱ ሞቋል" አሉኝ። "ልነሳ ስል ይቆጣል እንጂ፣ ከተቀመጥኩ ደህና ነው።"

"እማማ፣ ጎረቤት ጠርተው አሁኑኑ ይውጡ።"

"ወዴት ልውጣ ልጄ? ጉልበት የለኝ፣ ምግቡንም ያመጡልኛል።"

"ማነው የሚያመጣልዎት?"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንተ ሳትቀምስላቸው መሄድህ ቅር ብሏቸዋል" አሉኝ።

ስለዚያ ሳህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴም ቢሆን። ጎረቤቶቻቸውን ስጠይቅ "ደህና ናቸው፣ በሩን ዘግተው ተቀምጠዋል" ይሉኛል። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ በባጃጅ እስከ ፈላና በር ሄጃለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው የግንቡ በር ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ።