የጎደለው ስድስት መቶ ግራም

አዛውንቱ የሞቱት አልጋቸው ላይ ቀና ብለው እንደተደገፉ ነበር። ሲያነክስ የከረመው አሮጌ የኦክስጅን ማሽን ማለዳ ላይ ጭራሹን ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት በኦንላይን ታዞ የመጣው ትንሽ አዲስ ማሽን ከነካርቶኑ ተቀምጧል፤ የማሽኑ ሽፋን ተሰንጥቆ፣ አንድ ጥጉ ተቦድሶ፣ ለአንድ ትንፋሽ እንኳ ሳያገለግል።

መርማሪዋ ትራሱን በእጇ ጫን አደረገችው። «ጧ» የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣው። ትራሱን መልሳ አስተካከለችው። ባልደረቦቿ «ከዚያስ» የሚል ስም ያወጡላት፣ ሰው ወሬውን ጀምሮ እንዳይተው በዚያች ጥያቄ ስለምትነዘንዘው ነው።

«አባቴን የገደለችው የኦንላይን ሱቁ ዕቃ አሻጊ ናት» አለ ትልቁ ልጅ። ክሱን ያቀረበው እሱ ነው። «ካርቶኑን ይዩት። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ መደገፊያ ይላካል? ባለፈውም ከዚያው ሱቅ የጠረጴዛ መብራት አዘን ብትንትኑ ወጥቶ ነው የደረሰን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሱቁ ጋ ደወልኩ። በአምስት ቀን እንቀይራለን አሉኝ። በእነሱ ጥፋት ሌላ ልገዛ ነው? እንጠብቅ አልኩ። አባባ ጭራሽ ‹ተዋት፣ ልጅቷ ምን አጠፋች› ይለኛል። ሆደ ቡቡ ነበር።»

ታናሽ እህቱ በሩ ላይ ቆማ ጥንቸል የተሳለበት የፕላስቲክ ኩባያ በእጇ ታሽከረክራለች።

«ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?» አለቻት መርማሪዋ።

«የአባባ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብርጭቆ ሰበረና ወንድሜ ይህን ገዛለት። ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳትነካ ብሎትም ነበር።»

«ከዚያስ?»

«በዚሁ መጠጣት ጀመረ። በቀደም ደግሞ አልጋዬን አታንጥፊ ብሎ ድርቅ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ አስቸገረኝ።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። ከቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት አንድ የወለል ሸክላ ተሰንጥቋል፤ ከሳጥኑ ስር የጥፍር ያህል ነጭ የፕላስቲክ ስባሪ አወጣች። ካርቶኑንም አገላብጣ አየችው። ጥጎቹ አንድም ቦታ አልተጨፈለቁም። ክፍሉን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

አሻጊዋ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ጣቶቿን አቆላልፋ ተቀምጣለች። ስድስት ዓመት የስኮች መቁረጫ የተጫወተባቸው ጣቶች ናቸው። በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚል ክስ ተነቦላታል። አጠገቧ ባለሱቁ ያልበዋል።

«እንዴት አድርገሽ ነው ያሸግሽው?»

ሴትየዋ ባለሱቁን በጎን አየችው። «ማሸጊያ ቆጥቢ ብያታለሁ እንጂ ባዶውን ላኪው አላልኳትም» አለ እሱ ፈጠን ብሎ።

መርማሪዋ በትህትና ወደ ውጭ ሸኘችው። «አሁን ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«መብራቱ ተሰብሮ ከተመለሰ ወዲህ ልቤ አላረፈም። የኦክስጅን ማሽን መሆኑን ሳይ አራት ወፍራም የካርቶን ቁራጭ ከጎን ከጎኑ፣ ዙሪያውን ደግሞ ባለ አረፋ ፕላስቲክ አደረግኩበት። ከተፈቀደልኝ እጥፍ ነው። እሱ ከሰማ ያባርረኛል።»

«እስር ቤት ከመግባት መባረሩ ባሰብሽ?»

«ብናገርስ ማን ያምነኛል? ካርቶኑ ያለ መደገፊያ ተገኘ እኮ።»

መርማሪዋ ካርቶኑን ከነማሽኑና ከነስባሪው ወስዳ የሱቁ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ሲላክ የተለጠፈበት ወረቀት አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ይላል። ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ አለ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ልጆች፣ አሻጊዋን፣ ባለሱቁንና ዕቃውን ያመጣውን ሞተረኛ በአዛውንቱ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሚዛኑንም ይዛ መጥታለች።

«ለማን ነው ያስረከብከው?» አለችው ሞተረኛውን።

«ለአባትየው በእጃቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ ብቻቸውን ነበሩ። ደስ ብሏቸው መርቀው ነው የሸኙኝ።»

«እናንተስ?»

«ሁለታችንም ሥራ ላይ ነበርን» አለ ልጁ። «ማታ ስንገባ አባባ ተሰብሮ መጣ ብሎ አሳየን።»

«ማሽኑ ካርቶኑ ውስጥ ቢሰበር ኖሮ ስባሪው ካርቶኑ ውስጥ ይቀር ነበር። እኔ ያገኘሁት ከቁም ሳጥኑ ስር ነው። የወደቀው እዚህ፣ ይህ ሸክላ ላይ ነው። ካርቶኑ ከተላከ በኋላ ደግሞ ስድስት መቶ ግራም ቀሎታል። መደገፊያውን ያወጣ ሰው አለ ማለት ነው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቢከተው ሰው ያየዋል፤ ደረጃ ወርዶ እንዳይጥለው እስትንፋስ የለውም።»

ትራሱን አነሳችና ከልብሱ ውስጥ ባለ አረፋውን ፕላስቲክ መዘዘችው። ጧ፣ ጧ አለ። ከፍራሹ ስር አራቱን የካርቶን ቁራጮች አወጣች። ሁሉንም ሚዛኑ ላይ ስትደራርባቸው ስድስት መቶ ላይ ቆመ።

አሻጊዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይርገበገባል። ባለሱቁ ሊናገር አፉን ከፈተና መርማሪዋ ስታየው መልሶ ዘጋው።

«አባትዎ ማሽኑን ራሳቸው ሊያወጡት ሞከሩ፤ ከእጃቸው አመለጠ» አለችው ልጁን። «መብራቱ ተሰብሮ መጥቶ ስለነበር ይኼኛውም እንዲሁ መጣ ቢሉ እንደሚታመኑ ያውቃሉ። እርስዎ ልጅቷ ላይ ሲጮሁ ግን አላስቻላቸውም። ‹ምን አጠፋች› ያሉት እውነታቸውን ነው።»

የልጁ ዓይን ሚዛኑ ላይ ፈዞ ቀረ። «ለምን አልነገረኝም? ሰበርኩት ቢለኝ እኮ በዚያው ሰዓት ሌላ እገዛለት ነበር።»

«ይፈራህ ነበር» አለች እህቱ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ደክሟት ነበር። «አባባ አንተን ይፈራህ ነበር።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ባለ ጥንቸሉን ኩባያ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«ምንም ነገር እንዳትነካ ነበር ያልኩት» አለ።

መርማሪዋ ከዚያስ ብላ አልጠየቀችውም። ለአሻጊዋ በሩን ከፈተችላትና ተከትላት ወጣች።