ያልተነሣው ሞተር

ይገረም የተገኘው በአረንጓዴዋ መኪና ሞተር ላይ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱ ተፈርክሷል። ከመኪናዋ የተፈታው አሮጌ ዲናሞ ደምና ፀጉር እንደያዘ ጎማው ሥር ወድቋል።

ኢንስፔክተር ብዙወርቅ አሶሳ ወዳለው ጋራዥ ስትገባ ሦስት ሰዎች ቆመው ጠበቋት፤ ባለጋራዡ ባቢከር፣ የሟች ታላቅ ወንድም አሳምነውና የሟች እጮኛ ብሩክታይት። የባቢከር እጅጌ በደም ተነክሯል።

«ደሙ ከየት መጣ?»

«ወላሂ፣ እኔ ላነሣው ብዬ ነው። ከጁምዓ ሶላት መጣሁ፣ ይገረም ወድቋል። ጠራሁ፤ አይመልስም።»

አሳምነው ዘሎ የባቢከርን አንገት አነቀ፤ ከግድግዳ ጋር ሲያላትመው ከእሷ ጋር የመጡ ሁለት ፖሊሶች በመከራ አላቀቋቸው።

«ትናንት ‹እገድልሃለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ!»

«አንተስ መቼ ተለየኸው?» አለችው ብዙወርቅ።

«ባቢከር ለሶላት ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ይገረም በዲናሞው ፈንታ አዲሱን አልተርኔተር ገጥሞ ሞተሩን አስነሣው። እንደ አንበሳ ሲያገሳ አብረን ሰማን። ከዚያ አጥፍቶ ሸኘኝ። ገበያ ስገባ ያላየኝ የለም።»

ብዙወርቅ ብሩክታይትን ለብቻዋ ጠራቻት። «መኪናዋን ምን አስቸኮለው?»

«እሑድ ተጋብተን በእሷ ባሕር ዳር ልንሄድ ነበር። የድሮው ዲናሞ ለረጅም መንገድ አይሆንም ብሎ ነው የሚቀይረው።» ክንዷን ዳበሰች። «መጀመሪያ የአሳምነው እጮኛ ነበርኩ። ክንዴን ሰብሮኝ ነው የተለየሁት።»

ብዙወርቅ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ሽቦዎቹን በጣቷ እየተከተለች ባትሪው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ አንዱ የባትሪ ገመድ ተፈትቷል። ከዚያ ሁሉንም ጠራቻቸው።

«በዚህች የድሮ የእንግሊዝ መኪና ከብረት አካሏ፣ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። አዲሱ አልተርኔተር ግን ኔጋቲቩ እንዲታሰር ይፈልጋል። ይገረም አልተርኔተሩን ገጥሟል፤ ባትሪውን ግን ገና አልገለበጠም። እንዳለ ለማስረጃ ፎቶ ተነሥቷል። ባቢከር፣ የተፈታውን ገመድ እንዳለ ከባትሪው ጋር አስነካው።»

ገመዱ ሲነካ እሳት ተፈናጠረ። ከአልተርኔተሩ ጥቁር ጢስ ወጣ።

«አየህ አሳምነው? ሞተሩን አስነሥቶት ቢሆን ያኔውኑ ይቃጠል ነበር። ያልተነሣ ሞተር ሲያገሳ ሰማሁ ያልከው፣ ስትወጣ ይገረም በሕይወት ነበር ብለን ባቢከርን እንድንይዝ ነው። በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ኢቲዳል ደግሞ ከአንተ በኋላ ባቢከር እስኪመለስ ማንም አልገባም ብላለች። ስትወጣ ወንድምህ ሞቶ ነበር።»

አሳምነው ከጠረጴዛው ትልቅ መፍቻ መንጭቆ ብሩክታይት ላይ ተወረወረ። ብዙወርቅ ጉልበቱን በዱላ መታችው፤ አጥንቱ ሲንቋቋ ተሰማ። ዘይት ላይ ተደፍቶ ጮኸ።

«በአባቴ መኪና እሷን ይዞ ሊሄድ! ተው ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝና ጀርባውን ሰጠኝ!»

ብሩክታይት ቀረበችው።

«አልሳቀብህም። ይገረም ሲፈራ ነው የሚስቀው። አብረኸው አድገህ ይህን አታውቅም?»

አሳምነው እጆቹን ዘረጋ። ካቴናው ሲገባለት አልታገለም።