ጭንቅላቱ የቀረ ፈረስ

«አንቺ ነሽ የነካካሽው! ተነሺ ከዚያ!»

መምህር መዝገቡ በሩ ላይ ቆመው ጮኹ። ጸደንያ አልተነሳችም። ጭራሽ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበችው።

የዘጠና አንድ ዓ.ም. የወላጆች ቀን ነው። በገመድ የተያያዙት አራት ኮምፒውተሮች፣ ሁለቱ ከላይ ሁለቱ ከታች ተደርድረው፣ እኩል በርተው አንድ ትልቅ ፈረስ ማሳየት ነበረባቸው፤ እያንዳንዱ ስክሪን ሩቡን። ሦስቱ ድርሻቸውን አሳዩ። ከላይ በቀኝ ያለው ግን እንደጠቆረ ቀረ። ጉድ እኮ ነው! የመካኒሳ ወላጅ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ሊመጣ፣ ፈረሱ ጭንቅላት የለውም።

«ትናንት ስትነካኪው ራጉኤል አይቶሻል» አሉ መምህሩ። «ከዛሬ ጀምሮ የኮምፒውተር ክበቡ ውስጥ እንዳላይሽ!»

ራጉኤል ጓደኛዋ ነው፤ እስከ ዛሬ ነበር ማለት ይሻላል። መስኮቱ ጋ ቆሞ ጫማውን ያያል። ክበቡ ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ናት፤ ፈረሱን ስላ ለአራት የከፈለችውም እሷ ናት። ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ።

«አልነካሁትም! መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልየው ቲቸር፣ ከዚያ ያባርሩኝ።»

መልስ ሳትጠብቅ የጥቁሩን ኮምፒውተር ሰዓት ከፈተች። አራቱም ሥዕሉን የሚያወጡት የየራሳቸው ሰዓት አሥራ አምስት ሲል ነው፤ በፈረንጅ ማለት ነው፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት። ይኼኛው ግን ዘጠኝ ይላል፤ ለእሱ ገና ጠዋት ነው። አንድ ሰው የእጅ ሰዓቱን አይቶ በሀበሻ ሞልቶታል። የዚህን ኮምፒውተር ሰዓት እንዲሞላ የተመደበው ደግሞ ማን ሆነና!

ቀና ብላ አየችው። የራጉኤል ፊት ደም መሰለ።

ቁጥሩን አስተካከለች። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ቀረ። የወላጆች ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል።

«ምን ሆኖ ነው? ቶሎ በይ እንጂ፣ ደረሱብን!» አሉ መምህሩ።

ተጭናው ዝም ብትል፣ ነገም ነካካች የምትባለው እሷው ናት። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

«ራጉኤል ይንገርዎት።»

«ጸዲ፣ ፋራ አትሁኚ» አለ ራጉኤል በሹክሹክታ። «ተጫኚው፣ በኋላ እናወራለን።»

«ፋራስ አንተ!» እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

በሩ ተከፈተ። የገቡት ወላጆች ጭንቅላት አልባውን ፈረስ እያዩ ተንሾካሾኩ፤ እናቷም ከመሃላቸው አሉ። ጸደንያን ላብ አጠመቃት። መምህሩ ወደ ራጉኤል ዞሩ።

«ሰዓቱን... የሞላሁት እኔ ነኝ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «እሷ አልነካችውም።»

ጸደንያ የተጣመረ እጇን አልፈታችም።

«አልተሰማም» አለች። «ጮክ በል።»