«አያጨስም» ያልኩ ቀን

ይህን የምጽፈው ለሚያጨሱ ሰዎች ብቻ አይደለም። ከሚያጨስ ሰው ጋር እየኖሩ ምንም እንዳላዩ የሚያልፉም ያንብቡት። በተለይ ግን እንደ እኛ ተደብቀው የሚያጨሱ ያንብቡት፤ ምክንያቱም እኔ ማናሴ ማጨሱን በመደበቅ የእህቴን ባል ልገድለው ነበር።

የምንኖረው ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ዳቬይተን ነው። እኔና የእህቴ የበለጥሽ ባል ጋሼ ሽጉጤ አንድ ስፓዛ አለን፤ ዳቦ፣ ወተት፣ ላምባና የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ እያሾለክን የምንሸጥበት ትንሽ ሱቅ። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ግን «ሉስ» ነበር፤ ፓኬት መግዛት ለማይችል ሰው በነጠላ የምንሸጠው ሲጋራ። ደንበኛው ቀኑን ሙሉ «ማይ ፍሬንድ፣ ሉስ!» እያለ ይጠራናል። ከተከፈተው ፓኬት አንዱን ለደንበኛ፣ አንዱን ለራሳችን እያልን ዘጠኝ ዓመት ሞላን።

የምናጨሰው ከፍሪጁ ጀርባ በየተራ ነው። አንዱ ሲያጨስ ሌላው በሩን ይጠብቃል። ጋሼ ሽጉጤ በቤተ ክርስቲያናችን መዝሙር የሚመራ ሰው ነው፤ ድምፁን ለመስማት ከከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ከዛንድስፕሩት ድረስ የሚመጡ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ሲጋራ በእጁ ይዞ ቢታይ ምን እንደሚባል አስቡት። ስለዚህ ከሱቅ ከመውጣታችን በፊት እጃችንን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እንታጠባለን፣ ቅርንፉድ እናኝካለን፣ ሸሚዝ እንቀይራለን። ኮሮና መጥቶ ሳኒታይዘር ግዴታ ሲሆንማ ለእኛ ለደባቂዎች ሲሳይ ሆነልን። ሸሚዙ ትንሽ ከሸተተም «የደንበኛ ጭስ ነው» እንላለን፤ እህቴም ታምነናለች።

በ2020 ማርች መጨረሻ ከቤት አትውጡ የሚለው ሎክዳውን ታወጀና የሲጋራ ሽያጭ ተከለከለ። ልብ ያለው ሰው በዚያ አጋጣሚ ባቆመ ነበር። እኔም አንድ ቀን ሐሳቡን አነሳሁት።

«ጋሼ፣ ከተከለከለ አይቀር ለምን አናቆምም?»

«አንተ ደግሞ! ስናቆም እኮ እንነጫነጫለን፣ እንቅልፍ እናጣለን፣ እጃችን ይንቀጠቀጣል። በለጥሽ ‹ምን ሆናችሁ?› ብትል ምን ልንላት ነው? ማቆማችን ራሱ ያጋልጠናል!»

እውነቱን ነው አልኩ። አያችሁ ሞኝነታችንን? እንዳይታወቅብን ስንል ማጨሳችንን ቀጠልን። በየጓሮው በድብቅ የሚሸጠውን፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀውን ሲጋራ ማጨስ ጀመርን። ጉሮሮ ይቆርጣል፤ ቢሆንም አጨስነው።

ጁላይ ሲገባ ጋሼ ሽጉጤን ሳል ያዘው። መጀመሪያ ብርዱ ነው አልን። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ሲጨመርበት እኔና በለጥሽ ክሊኒክ ወሰድነው። በሰፈሩ በየቀኑ ሰው ይሞት ነበር። ከሦስታችን እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ነኝ፤ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ነርሷ ከፕላስቲክ መከለያ ጀርባ ሆና ዕድሜውን፣ ስኳርና ደም ግፊት ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀጥላም «ያጨሳል?» አለች።

በለጥሽ አጠገቤ ቆማለች። «ስሞክ» የምትለዋን ቃል እሷም ታውቃታለች። ጋሼ ሽጉጤ ቀና ብሎ አየኝ። ትኩሳት ያቀላው ዓይኑ ይለምነኝ ነበር።

«አያጨስም» አልኩ። «የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን።»

ነርሷ ያልኳትን ጻፈች። ኮሮና ሳይሆን አይቀርም ብላ ከቤተሰብ ተለይቶ ቤት እንዲተኛ፣ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳንዘገይ እንድንመልሰው አስጠነቀቀችን። ስንወጣ ጋሼ ሽጉጤ ክንዴን ጨበጥ አድርጎ «ጌታ ይባርክህ» አለኝ። በውሸቴ ተመረቅኩ!

ጓሮ ባለችው ክፍል ለብቻው ተኛ። ምግቡን በመስኮት የማቀብለው እኔ ነኝ። በማግስቱ ሳህኑን ሲቀበለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማናሴ፣ አንድ ብቻ» አለ።

«እንዲህ እያሳለህ?»

«ራሴ ሊፈነዳ ነው። አንድ ብቻ ስጠኝና ልተኛ።»

ሰጠሁት። በሚቀጥለው ቀን ሁለት ከዳቦው ሥር አድርጌ ሰጠሁት። የምወደው ሰው ነው፣ ሲሰቃይ ማየት አልቻልኩም። ደግሞም ልደብቀው የማልችለው ነገር አለ፤ እሱ ካቆመ እኔም ብቻዬን ማጨስ ሊከብደኝ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የእህቴን ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ጋሼ ሽጉጤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ስሙን ስጠራው ሊመልስልኝ ሞከረ፣ ግን አንድ ቃል መጨረስ አልቻለም። በዕቃ መጫኛ መኪናችን ሆስፒታል አደረስነው። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በር ላይ የተቀበለን ዶክተር ኦክስጅን እያደረገለት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። በለጥሽ አሁንም አጠገቤ ነበረች።

«ያጨሳል» አልኩ። «በቀን እስከ ሃያ። ትናንትም አጭሷል። የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ አልተቆጣኝም። «መናገርህ ጥሩ ነው» ብሎ ጋሼ ሽጉጤን ወደ ውስጥ ይዞት ገባ። ጠያቂ አይገባም ስለተባልን እኔና እህቴ መኪና ማቆሚያው ጋ ቀረን። እህቴ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች።

«ክሊኒክ የዋሸኸው እኔን ፈርተህ ነው?»

«አዎ።»

«ሞቱን አልፈራህም፣ እኔን ፈራህ?»

ማስኳን አውርዳ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ፊቷን አዞረችብኝ። ያን ጊዜ፣ የሰው ሕይወት በእጄ ሊጠፋ በተቃረበበት በዚያች ሰዓት፣ ምን እንደተመኘሁ ታውቃላችሁ? ሲጋራ። ከኪሴ ፓኬቱን አወጣሁና አፈርኩ፤ ወስጄም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት። አሥር ደቂቃ አልቆየሁም፤ ተመልሼ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ስፈልግ እህቴ ከኋላዬ መጣች።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን እጄን ከቆሻሻው አወጣችና «ሱሱ ሲይዝህ ስንት ደቂቃ ይቆያል?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። ሁልጊዜ ወዲያው ስለማጨስ አላውቀውም።»

«እንግዲያው ዛሬ እንየው። ቁጭ በል።»

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን ከፊታችን ያዘች። አላበኝ፣ አፌ ደረቀ፣ ጉልበቴ አላርፍ አለ። ውሃ ሰጠችኝ። ስለ ልጅነታችን እየጠየቀች አስለፈለፈችኝ። በሰባተኛው ደቂቃ ላይ ነገሩ ለቀቅ አደረገኝ። ከሰዓት በኋላ እንደገና መጣ፤ እንደገና አብራኝ ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት የገዛኝ ነገር ዕድሜው ሰባትና ስምንት ደቂቃ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ።

ጋሼ ሽጉጤ አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ስልክ ሲጠራ ሁሉ «ሞቷል» ሊሉን ነው እያልን ነበር የምናነሣው። በስድስተኛው ቀን ራሱ ደወለ። ድምፁ ደክሟል።

«ማናሴ፣ አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶልኝ ሲጋራ አማረኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«እንደ እኔ ያለ ነህ» አልኩት። «ስልኩን አትዝጋው። ሰባት ደቂቃ አብረን እናውራ።»

ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይኸው ሆነ። የያዘው ይደውላል፣ የተደወለለት ያነሣል፣ ተቆጪ የለም። ከሆስፒታል ሲወጣ ዶክተሩ ሳንባው መጎዳቱን፣ ወደ ሲጋራ ከተመለሰም ለሕይወቱ እንደሚያሰጋው በግልጽ ነገረን። ያ ፍርሃት ቤታችን ገብቶ አብሮን ኖረ። ሰው ሲያስለው ሦስታችንም እንደነግጣለን።

ኦገስት 18 የሲጋራ ሽያጩ ተፈቀደ። የዚያን ቀን ጠዋት «ማይ ፍሬንድ፣ ሉስ!» የሚለው ጥሪ ሲመለስ ጋሼ ሽጉጤ ወንበሩ ላይ ሆኖ ዓይኑን ጨፈነ። ሲጋራ ዳግመኛ ላንሸጥ ተስማምተን ነበርና «የለም ባባ» አልኩ። አንዳንዱ ደንበኛ ዳቦውንም ትቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደ። እኔም አልዋሻችሁም፤ ሐሙስ ዕለት ከመንገድ ላይ ገዝቼ አንድ አጨስኩ። ልደብቅ ቅርንፉዱን ካነሣሁ በኋላ መልሼ አስቀመጥኩትና ሄጄ ለጋሼ ሽጉጤ ነገርኩት። «አንድ ነው?» አለኝ። «አንድ ነው።» «በል ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል» አለ።

በዚያ ሳምንት እሑድ ጉባኤው፣ ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ወዲህ እንደተለመደው፣ በስልክ ተሰበሰበ። ወደ ስልሳ ሰው መስመር ላይ ነበር። ሰብሳቢው «ወንድማችን ሽጉጤ ከሞት ተርፎልናል! በል በመዝሙር ምራን» አለ። በለጥሽ አየችው። እኔ ስልኩን ልዘጋው ምንም አልቀረኝም።

«አልችልም» አለ ጋሼ ሽጉጤ። «ትንፋሼ አይበቃም። ምክንያቱ ኮሮና ብቻ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ተደብቄ አጭሻለሁ። ካቆምኩ አርባ አራት ቀኔ ነው። አሁን ይህን እያወራሁ ራሱ ያምረኛል። መዝሙሩን ሌላ ሰው ይምራ፤ እኔን በጸሎት አግዙኝ፤ የምደውልለትም ሰው ስጡኝ።»

ከስልሳው ሰው አንድ ድምፅ ጠፋ። እህቴ የጋሼ ሽጉጤን እጅ ያዘች። ተዋረድን፣ አለቀልን አልኩ በልቤ።

ከዚያ አንዲት ሴት ተናገረች። አለምወርቅ ነበረች፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዋ።

«ወንድም ሽጉጤ» አለች። «ባለቤቴ አጠገቤ ነው። እያለቀሰ ነው። ቁጥርህን እንድሰጠው እየለመነኝ ነው።»

ወገኖቼ፣ በዚያ ሰዓት ማፈር የነበረብን የምናጨስ ሰዎች ብቻ አልነበርንም። በየቤታችን ሰው ብቻውን ሲታነቅ የምንሰማው ሳሉን ነው፤ እኛም «ብርድ ነው» ብለን እናልፈዋለን። የምታጨሱ ብትሆኑ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ለሐኪም ደግሞ ፈጽሞ አትዋሹ። የማታጨሱ ብትሆኑ ከመፍረዳችሁ በፊት ሰባት ደቂቃ አብራችሁ ተቀመጡ። ጋሼ ሽጉጤ ለአለምወርቅ ባል ቁጥሩን ሲነግረው በዚያው መስመር ላይ ሌሎች ሦስት ሰዎች «ቀስ በል፣ እየጻፍን ነው» አሉት።