አንዴ ድገምልኝ

የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ግራ ቀኙን አየች። ከዚያ መድረኩ ጎን የተቀመጠውን የሳክስፎን ሳጥን ከፈት አድርጋ ትንሿን የሚሞሪ ካርድ ከጨርቁ ሥር ወሸቀቻት።

አምስት ሰከንድ አልፈጀባትም።

ጆሮ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ኋላ ሆኖ አያት። «ጉድ!» አለ በልቡ። አሥራ አራት ወር ሙሉ የሰላዮችን ስም ዝርዝር የሚሸጠውን ከሃዲ ሲያሳድድ ኖሮ፣ ለካስ እሷ ናት!

ለዚህ ሲባል ነበር የድምፅ ባለሙያ መስሎ የተቀጠረው። «ጆሮ» ያሉት ሙዚቀኞቹ ናቸው፤ የላላች የጊታር ክር ከሩቅ ይሰማል ብለው። የስለላ መሥሪያ ቤቱ «ሰባት» ይለዋል። አዳራሹ ድሮ የክር ፋብሪካ ነበር። ማሽኖቹ ተነቅለው መድረክ ቢተከልም፣ ቤዙ ሲመታ ዛሬም ከጣሪያው ብረት ላይ የጥጥ ብናኝ ይረግፋል።

ግራ ጆሮው ላይ ያለችው ማዳመጫ ከስልኩ ጋር ተያይዛለች። ማዶ ያለው አለቃው ነው፤ «አጎት» ይሉታል።

«አጎት፣ ዕቃው ገብቷል። ያስገባችው ሥራ አስኪያጇ ናት። ባለሳክስፎኑ ምንም አያውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«የእኛ ሰው ናት። ካርዱ ላይ ያለው ስም ሁሉ የውሸት ነው።»

ጆሮ ክው አለ።

«ስም ዝርዝሩን የሚገዛው ሰው ካርዱን ካመነ፣ ድንበር ማዶ ያሉት አሥራ አንድ ልጆቻችን መውጫ ጊዜ ያገኛሉ። እንዲያምን ደግሞ ዓይኑ እያየ አንድ ሰው ሻጩ ተብሎ መያዝ አለበት። ሰዎቼ አራት ደቂቃ ይቀራቸዋል። ባለሳክስፎኑን መድረክ ላይ አቆይልኝ።»

«ማንም ንጹሕ ሰው አይነካም ብለውኝ ነበር እኮ!»

«ብዬ ነበር።»

ባለሳክስፎኑን ሁሉም «ሳንባ» ይለዋል። ጆሮ ለዚህ ከተማ እንግዳ ሳለ ማደሪያ የሰጠው ሳንባ ነው። ትኩሳት የጣለው ጊዜ ደግፋ ሐኪም ቤት ያደረሰችው የሳንባ ሚስት ናት። «ወንድሜ» ነው የምትለው። እሱም አፉን ሞልቶ «እህቴ» ይላታል።

«ጆሮ! በቃ አይደል? ልውረድ?» አለ ሳንባ የድምፅ ሙከራውን ጨርሶ ከመድረኩ ላይ።

መቆጣጠሪያው ጥግ አንዲት ቁልፍ አለች። እሷን ሲጫን የሚናገረው ለሳንባ ብቻ ይሰማል። «በጓሮ በር ውጣ።» ሦስት ቃል ይበቃ ነበር።

የመብራት አከራዩ ከመሰላሉ ወረደ። ገዢው እሱ ነው። ገመድ እየጠቀለለ ወደ ሳጥኑ ተጠጋ።

ጆሮ ቁልፏን ተጫነ።

«አንዴ ድገምልኝ» አለ።

«ኧረ በፈጠረህ! ነፍሴን ልታወጣት ነው እንዴ?» ሳንባ ሳቀ። ግን ደገመ። ሙዚቀኛ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ድምፁ አዳራሹ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ አያውቅም። ታች ያለውን ሰው ማመን አለበት። ድገም ሲሉት ይደግማል።

አከራዩ ጎንበስ አለ። ካርዷ እጁ ገባች።

«ሁለት ደቂቃ» አለ አጎት።

«ከፍ ስትል ድምፁ ትንሽ ይሰነጠቃል። እንደገና።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ምንም አልተሰነጠቀም። ሳንባ እንደዚያን ቀን አሳምሮ ነፍቶ አያውቅም። ጆሮ በራሱ አፈረ። አሥራ አንድ ነፍስ ቀላል አይደለም፣ እውነት ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚያች ደቂቃ ስለ አሥራ አንዱ አላሰበም። አለቃውን ፈርቶ ነው።

በሩ ተበረገደ።

የአጎት ሰዎች ናቸው፤ ስድስት።

ሳንባን ከነሳክስፎኑ ጨመደዱት። አከራዩ ከግድግዳው ተለጥፎ አየ። ካርዱ እውነተኛ ስለመሆኑም አመነ። ከዚያ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በዕቃ መጫኛው በር ውልቅ አለ። ማንም አልተከተለውም።

ሳንባ የያዙትን ሰዎች አላያቸውም። የሚያየው ወደ ጆሮ ነው።

«ንገራቸው እንጂ! ጆሮ! ምንድን ነው ይሄ?»

ማይኩ ክፍት ነበር። ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው።

ጆሮ ማይኩን ዘጋ።

በሦስተኛው ሳምንት አጎት በመኪናው ይዞት ከከተማው ወጣ። በሌላ ስም የተሠራ መታወቂያ ሰጠው።

«አሥራ አንዱም በሰላም ገብተዋል። ኮርተንብሃል።»

«ሳንባስ?»

«ታስሯል። አሁን ከለቀቅነው ገዢው ይነቃል።»

«እስከ መቼ?»

አጎት ማርሽ ቀየረ። «ምስክር ጠርቷል» አለ። «አንተን። ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ነበር፣ እሱን ጠይቁት እያለ ይለፈልፋል። ሚስቱማ አታስቀምጠንም። ፎቶ የላትም፤ እነሱ ቤት ጥለኸው የሄድከውን ሸሚዝ ይዛ በየጠዋቱ በራችን ላይ ትቆማለች። ይኸው፣ የለበሰው ሰው አለ ትላለች።»

«ምን ትሏታላችሁ?»

«እንዲህ ያለ ሰው በመዝገብ የለም እንላታለን።»

ጆሮ አንገቱን ደፋ።

«ልመስክርለት» አለ በመጨረሻ።

አጎት መኪናውን አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ አቆመ።

«ማን ሆነህ?»

ጆሮ አዲሱ መታወቂያ ላይ የተጻፈውን ስም አነበበ። መታወቂያውን ኪሱ ከቶ ወረደና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።