የኤሊዋ ዋስ

«ሔሉ፣ ቦርሳሽ ተንቀሳቀሰ» አለች ሰብሪና።

ሔለን ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ «እንቅልፍሽ ነው» ብላ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገችው።

እንቅልፉስ እውነት ነው። አውቶብሱ ጎተራ ላይ በመኪና ተከቦ ከቆመ ቆይቷል። ውስጡ ያሉት የተፈጥሮ ክበብ ልጆች ሌሊት ተነስተው፣ ከቡታጅራ ወዲያ ያለ የባህል መንደር ደርሰው፣ የመንደሩን ጫካ ሲወጡና ሲወርዱ ውለው አሁን አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ተደፍተዋል። ጠዋት «ዲሲፕሊን!» እያሉ ሲጮኹ የነበሩት መምህር ገብረዋህድ ሳይቀሩ ፊት ወንበር ላይ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። የሰብሪና እግር አብጦ ጫማው አልበቃ ብሏታል። ቤት ስትደርስ ደግሞ የእናቷ ሱቅ ይጠብቃታል። ቅዳሜ ማታ ዕቃውን አስገብቶ፣ ወለሉን ጠርጎ መዝጋት የእሷ ሥራ ነው። ገና ስታስበው ደከማት።

ቦርሳው እንደገና ተንቀሳቀሰ። አሁንስ ድምፁም ተሰማ፤ ጨርቁን ከውስጥ የሚቧጥጥ ነገር አለ። ሰብሪና ዚፑን ሳበችው። ሔለን እጇን ልትይዛት ስትል ዘገየች።

ከሹራብና ከባዶ የውሃ ፕላስቲክ መሃል ቡጢ የምታክል ኤሊ ተቀምጣለች። ድንጋይ ልብሷ በአንድ ጎኑ በእሳት ጠቁሯል። ሰብሪና ወዲያው አወቀቻት። ከመንደሩ ጀርባ የተጎዱ እንስሳት እስኪድኑ የሚቀመጡበት አጥር አለ፤ ይቺ ኤሊ እዚያ ነበረች። ሰው ለእርሻ ብሎ የለኮሰው እሳት ነው ያገኛት። ድና ወደ ጫካዋ እስክትመለስ ድረስ የጫካው ጠባቂ ዙለይካ ማታ ማታ ቅጠል በእጇ ታጎርሳታለች።

«አብደሻል?»

«ቀስ በይ እንጂ! ቲቸር ይሰማሉ።»

«ሰርቀሽ ነው?»

«ኧረ ስርቆት አይባልም... ማለቴ፣ ብቻዋን ነበረች፣ በቃ አሳዘነችኝ።» ሔለን ኤሊዋን በሹራቡ ሸፈነቻት። «ሰኞ እኮ ዕቃችንን ጭነን የካ አባዶ ልንገባ ነው። እዚያ ማንንም አላውቅም። አንቺም የለሽ። አንድ ነገር ይዤ ብሄድ ምን አለበት?»

የእነሰብሪናና የእነሔለን ቤት ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚለያቸው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ሔለን ስታስነጥስ ሰብሪና ከአልጋዋ ሆና «ይማርሽ» ትላለች። ያ ግቢ ሊፈርስ ምልክት ተደርጎበታል። በሌላ ቀን ቢሆን ትጮህባት ነበር። አሁን ግን መናደድም አቅም ይጠይቃል። ምነው ዚፑን ባልነካሁት አለች በሆዷ።

ግን ዋስትናው አለ።

በዚያ መንደር ቦርሳ አይፈተሽም። «እንግዳን መፈተሽ በእኛ ዘንድ ነውር ነው» ብለዋቸው ነበር ሽማግሌው አቶ ኢብሮ፣ ሊሰናበቱ በር ላይ ሲደርሱ። ይልቅ ከእንግዶቹ አንዱ ወጥቶ ለሁሉም ዋስ ይቆማል፤ ከጫካው ምንም አልወሰድንም ብሎ በሰው ፊት ቃል ይሰጣል። መምህር ገብረዋህድ ፀሐዩ ስላንገበገባቸው ዓይናቸውን ጣል ሲያደርጉ ያገኙት ሰብሪናን ነው። «አንቺ ስልጥኛ ከእናትሽ ትሰሚ የለ? ነይ ውጪ» አሏት።

ልጆቹ ትርዒት መሰላቸው። ምን ያድርጉ፣ ቀኑን ሙሉ ትርዒት ሲያዩ ነው የዋሉት፤ ጭፈራው ትርዒት፣ እንሰት አፋፋቁ ትርዒት፣ ማር ማስቀመሱ ትርዒት። ኤልዳድ የሚባለው ልጅ በሞባይሉ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ሌላው ያጨበጭባል። ሰብሪናም መድረክ ላይ የወጣች ያህል ሳቋን እየዋጠች፣ በተሰባበረ ስልጥኛዋ «እኔ ዋስ ነኝ፤ የወሰድነው የለም» አለች። ያን ጊዜ ነው የመንደሩ ሰው አንዱም እንዳልሳቀ ያየችው። አቶ ኢብሮ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና «ተቀብለናል፣ ልጄ» አሏት። ኀፍረት ተሰማት፤ ግን ወዲያው አውቶብሱ ክላክስ አደረገ።

ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ካዛንቺስ ያደገ ልጅ አይጠፋውም። ሰውየው ሲሰወር ፖሊስ የሚያንኳኳው የዋሱን በር ነው።

«ዙለይካ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?» አለች ሰብሪና። «ከዚህ በፊት ያ ጫካ ለከሰል ሊያልቅ ነበር። አሁን እኛ ለመግቢያ የምንከፍለው ለጠባቂዎቹ ነው የሚሆነው፣ ጉሬዛዎቹም ተመልሰዋል። እሷ የመጀመሪያዋ ሴት ጠባቂ ናት። አንድ እንስሳ ከጎደለ የዕለቱ ጠባቂ ከሥራ ይወጣል። የዛሬዋ ደግሞ እሷ ናት። ሴት አትችልም የሚሉት ይቺን ነው የሚጠብቁት።»

«እኔ ይሄን በምን አውቄ?»

«ቃል ስሰጥ አጠገቤ ሆነሽ ታጨበጭቢ ነበር።»

«ቀልድ መስሎኝ ነዋ!»

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለች ሰብሪና።

አውቶብሱ ተነቃነቀ። ሔለን ዚፑን ዘጋችና እስከ ካዛንቺስ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች። ሰብሪና ዓይኗን ጨፈነች እንጂ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ብትናገር ሔለን እንደ ሌባ ስሟ ተጠርቶ፣ ያደገችበትን ሰፈር ተዋርዳ ትለቃለች። ዙለይካ ደግሞ አሁን፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ቅጠሏን ይዛ ወደ አጥሩ እየሄደች ነው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁሉም እያዛጋ ወረደ። ሔለን ቦርሳዋን አቅፋ እግሯን ልታፈጥን ስትል ሰብሪና ከፊቷ ቆመች።

«ስጪኝ።»

«ለቲቸር ትናገሪያለሽ?»

«ኤሊዋን ስጪኝ፣ ሔሉ። በጣም ደክሞኛል።»

ሔለን እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ በሹራቡ ጠቅልላ ሰጠቻት።

መምህር ገብረዋህድ የመጨረሻዎቹን ልጆች እያሰናበቱ ነበር። ሹራቡ ሲገለጥ እንቅልፋቸው በአንዴ በነነ።

«ይሄ የማን ሥራ ነው?»

«ቲቸር፣ እባክዎ ለአቶ ኢብሮ ይደውሉልኝ።»

«ማን ነው የወሰዳት ነው የምልሽ!»

ሰብሪና ወደ ኋላዋ ላለማየት አንገቷን አደነደነች። «ዋሷ እኔ ነኝ። የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ እኔ እመልሳታለሁ። ብቻ ይደውሉልኝ፣ ሴትዮዋን ሊያባርሯት ነው።»

ትንሽ አፍጠው አዩዋት። ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱና ተዉት፤ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ሰጧት። ሰብሪና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ነኝ፣ አባባ ኢብሮ... ጠዋት የመጣነው ልጆች... ዋሷ ነኝ» አለች። «ኤሊዋ እኛ ጋ ናት። ደህና ናት። ዋሽቼ አልነበረም፣ ግን ሳላጣራ ነው ቃል የሰጠሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ዙለይካ እዚህ ናት» አሉ ሽማግሌው፣ «ቁልፉን አስረክቢ ብለናት ስታለቅስ ነበር። ለእሷው ንገሪያት።»

ዙለይካ ስልኩን ተቀብላ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ኤሊዋ ነው፤ ትተነፍሳለች ወይ፣ አንገቷን ታወጣለች ወይ። ሰብሪና ታወጣለች አለቻት። ከዚያ በኋላ ነው «ማን ወሰዳት?» ያለችው።

«እሱን አትጠይቂኝ። ነገ ለእናቴ ነግሬ፣ በመጀመሪያው መኪና አመጣታለሁ። በሰዉ ፊት ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ እናገራለሁ።»

«መንገዱ ሩቅ ነው እኮ፣ እህቴ። ከማን ጋር ትመጫለሽ?»

ሰብሪና ቀና አለች። ሔለን ባዶ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆማለች፤ ጥያቄውን የሰማች ይመስላል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሰብሪና ትንሽ ጠበቀቻት። ሔለን ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች።

«ብቻዬን ነው የምመጣው» አለች ሰብሪና።